የተከደነው ሳህን

ጋሽ እሳቱ ሰውን የሚያውቁት በሳህኑ ነው። ፊቱን አያዩትም። በሌሊቱ ባቡር የምግብ ፉርጎ ውስጥ፣ ከተመጋቢዎቹ ወንበሮች በስተጀርባ፣ እጅ ሲዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ በሚነካባት ጠባብ ወጥ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲቆሙ ዓለም ለእሳቸው በአንዲት የማሳለፊያ መስኮት ልክ ነበረች። በመስኮቷ ሙሉ ሳህን ይወጣል፤ በመስኮቷ የተበላ ሳህን ይመለሳል። ጋሽ እሳቱ ከተመለሰው ሳህን ላይ የሰውን ጠባይ ያነባሉ። ሥጋውን በልቶ ሩዙን የተወ፣ ብቻውን ያደገ ሞልቃቃ ነው ይላሉ። መረቁን በዳቦ ጠርጎ ሳህኑን ያጠበ አስመስሎ የሚመልስ ከብዙ ወንድምና እህት ጋር ተሻምቶ ያደገ ነው። ምንም ሳይነካ የመለሰ ደግሞ ወይ ፍቅር ይዞታል፣ ወይ ሊሸኙት የመጡ ዘመዶች ጣቢያው ላይ አጥግበውታል። "ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሦስተኛ ምክንያት የለም" ይላሉ። የእጃቸው ሙያ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አስበው አያውቁም።

እሳቱ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። በባቡሩ ደንብ ውስጥ አንዲት መስመር አለች፤ ባቡሩ እየሄደ፣ ምድጃውም እየነደደ ወጥ ሠሪው ከወጥ ቤቱ አይወጣም ትላለች። ሌሎቹ ወጥ ሠሪዎች መስመሯን አንብበው አልፈዋታል፤ ሲጋራ ሲያምራቸው ይወጣሉ፣ ወሬ ሲጥማቸው ይቆያሉ። እሳቸው ግን ደንቧን ከነፍሳቸው ጋር አሰሯት። አለቃ ሲጠራቸው "እሳት ላይ ነኝ!" ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ "እሳት ላይ ነኝ!" አንድ ጊዜ የፉርጎው ሠራተኞች ተሰብስበው ፎቶ ተነሥተዋል። ፎቶው ዛሬም በአለቃው ቢሮ ግድግዳ ላይ አለ፤ አሥራ አራት ሰው ይታይበታል፤ ጋሽ እሳቱ የሉበትም። የት እንደነበሩ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሥራቸውን ግን ያውቃሉ፤ ይህን ጠላታቸውም አይክዳቸውም። ባቡር ላይ ድስት እስከ አፍ ገደፉ አይሞላም፤ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ይላል፣ አለዚያ መታጠፊያው ላይ ሾርባው ወለሉን ያጠጣዋል። ከሳህኖቹ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። ከትልቁ ድልድይ በፊት ባቡሩ ወደ ግራ ሲያጋድል ጋሽ እሳቱ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ በግራ እጃቸው የድስቱን ጆሮ ያዝ ያደርጋሉ። በተከራዩአት ክፍል ተኝተውም በዚያ ሰዓት ግራ እጃቸው ብድግ ይላል።

ያቺ ክፍል ከባቡር ማደሪያው ጀርባ ያለች፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ ያለባት ናት። እዚያ ምግብ አይሠሩም። ለሰማንያ ሰው የለመደ እጅ ለአንድ ሰው መጥኖ ጨው መቆንጠር አይችልም። አንድ ቀን ለራሳቸው ብለው የሠሩት ሾርባ ለግቢው ተከራይ ሁሉ ተዳርሶ ተርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳቦ በሻይ ብቻ ሆነ ኑሯቸው። ባቡሩም ላይ ቢሆን ሲበሉ ያያቸው ሰው የለም። ከጭልፋው በእጃቸው ጀርባ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፤ አለቀ። "ሽታው ያጠግበኛል" ይላሉ። ከገበታ የተመለሰ ምግብ ደግሞ በእሳቸው ወጥ ቤት ውስጥ ትንፋሽ አያገኝም፤ ቀጥታ ወደ ትርፍራፊው ባልዲ ነው። አንድ ሳህን አጣቢ ያልተነካ የዶሮ እግር ከሳህን ላይ አንሥቶ ሲጎርስ ደርሰውበት፣ ምስኪኑ ሰውዬ እስከ ዛሬ ዶሮ ሲያይ ያንቀዋል።

ጡረታቸው የደረሰው አምና ነው። "አንድ ዓመት ጨምሩልኝ" ብለው ደጅ ጠኑ፤ ጨመሩላቸው። ሰው ሁሉ ሥራ ስለሚወዱ መስሎታል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ለማንም አልተናገሩትም። በዚያ አገር ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የሌሊት ባቡር አንድ ብቻ ነው። ሰው ሆኖ የተፈጠረ አንድ ቀን ሳይሳፈርበት አይቀርም። ጋሽ እሳቱ አሥራ አንድ ዓመት ያላዩት ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሳይሞቱ አንድ ጊዜ ቢያዩት፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ይሁን ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ትንሽ ሳለ፣ ባለቤታቸውም በሕይወት ሳለች፣ አባወራው ሁለት ሌሊት ባቡር ላይ፣ አንድ ቀን ቤት ነበሩ። ባለቤታቸው ታዲያ ሰውየው ባይኖርም ቦታው እንዳይጠፋ ብላ አንድ ሕግ አወጣች። በዚያ ቤት የሚበላ ነገር ሁሉ፣ እራትም ይሁን ብርቱካን፣ የአባት ድርሻ ሳይነሣለት አይበላም። ድርሻው ሳህን ላይ ይደረጋል፤ በላዩ ሌላ ሳህን ይደፋበታል፤ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። ልጁም ሕጉን ከእናቱ አብልጦ ወደደው። ጎረቤት አንድ ብስኩት ቢሰጠው ለሁለት ይገምሰውና ግማሹን "ለአባዬ" ብሎ ከሳህኑ ሥር ይሸጉጣል። የአባቱ ትራስም ሥራ ፈትቶ ስለሚያድር በራሱ ትራስ ላይ ደርቦ ይተኛበት ነበር። አባት የመጡ ቀን ትራሱን መመለስ ግድ ሲሆንበት እንቅልፍ እምቢ እያለው ሲገላበጥ ያድራል።

አባት ደግሞ ጠግበው ነው የሚመጡት። ሳይበሉ መጥገብ የወጥ ሠሪ በሽታ ነው። ሁለት ቀን ዘይትና ሽንኩርት ሲሸተው የከረመ ሰው ምግብ ማየት ያንገሸግሸዋል። ባለቤታቸውን ላለማስቀየም "ቆይቼ እበላዋለሁ" ይሉና፣ ቤቱ ሲተኛ ተነሥተው ባልዲ ውስጥ ይገለብጡታል። አንድ ምሽት ልጁ ውሃ ጠምቶት ተነሣ። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አባቱን አያቸው። ባልዲው ውስጥ የወደቀው ከጎረቤት ልጅ ልደት በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣው ኬክ ነበር፤ የራሱን ግማሽ በልቶ ያኛውን ግማሽ ያስቀመጠው። ውሃውንም ሳይጠጣ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቱን ድርሻ ማስቀመጥ ተወ፤ እናቱ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ጋሽ እሳቱ በሩ ላይ ያዩትን ዓይን እስከ ዛሬ ያዩታል።

ዘመድ አዝማድ ግን የአባትና የልጅ ጠብ የተጀመረው በቀብሩ ጊዜ ነው ይላል። ልጁ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው እናቱ ለሦስት ቀን ታመመችና ሞተች። አባት ባቡር ላይ ነበሩ። መርዶው የደረሳቸው መንገድ እኩሌታ ላይ ባለ ጣቢያ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ኮፍያውን አውልቆ በመስኮቷ ነገራቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመለስ የጭነት ባቡር እንዳለም ነገራቸው። ጋሽ እሳቱ "እሳት ላይ ነኝ" አሉት። ሰውየው ያልሰሙት መስሎት ደገመላቸው። እሳቸውም ደገሙለት። ያን ያህል ደንብ አክባሪ ሆነው አይደለም፤ እግራቸው ነው እምቢ ያለው። ከወጥ ቤቷ ከወጡ ነገሩ እውነት ሊሆን ነው። የዚያን ምሽት የሰማንያ ሰው እራት ሠሩ፤ ጨው አልበዛ፣ ጨው አልጎደለ። ለራሳቸው ይቅር ያላሉት ይህን ነው።

ቤታቸው ሲደርሱ ቀብሩ ካለፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልጁ በሰው ፊት ተነሥቶ፣ "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አንድ እሳት አጥፍቶ መምጣት እንዴት ያቅታል አባዬ? የማታውቃቸውን ሰማንያ ሰዎች አበላህ፤ እንግዲህ እነሱ ይሁኑህ ልጆችህ" አላቸው። ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ።

እንግዲህ በተጨመረላቸው ዓመት ውስጥ ወደ ነበረች አንዲት ምሽት እንምጣ። ባቡሩ ከተማውን የለቀቀው ጀምበር ሳትጠልቅ ነው። የእራቱ ዝርዝር ሾርባ፣ ሥጋ ከድንችና ከካሮት ጋር፣ ዳቦ፣ ሻይ ነበር። አስተናጋጇ ሚዛን ናት። ሚዛን የተባለችው በክንዷ ሦስት ሳህን ደርድራ፣ ፉርጎው እየተወዛወዘ፣ ጠብታ ሳታፈስ ስለምትሄድ ነው። ምላሷ ግን ሚዛን የለውም፤ ያየችውን ሁሉ ታፈሳለች። በመስኮቷ የተበሉ ሳህኖች ስታቀብላቸው ጋሽ እሳቱ እያነበቡ ወደ ባልዲው ይጠርጋሉ። ቸኩሎ የበላ። ጥርስ የሌለው። ከሚስቱ የተጣላ። ከዚያ አንድ ሳህን እጃቸው ላይ ቀረ።

ሥጋው ተበልቷል። ድንቹ ተበልቷል። አንድ ቁራጭ ዳቦ ሳይነካ ሳህኑ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ መሀሉ ግን ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ጋሽ እሳቱ ዳቦውን በጣታቸው ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ካሮቱ በሙሉ፣ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ ተከምሯል። ባለቤታቸው ይህን "የካሮት መቃብር" ትለው ነበር። በዚያች ቤት በየሳምንቱ አንድ መቃብር ይቆፈር ነበር። ጋሽ እሳቱ ክው አሉ።

"ይኼ ሳህን የማን ነው?"

"ምነው ጋሼ፣ ፀጉር ተገኘበት እንዴ?"

"የማን ነው አልኩሽ!"

"የአራተኛው ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው። ብቻውን ነው። ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። መነጽር አለው።"

እሳቸው የሚያውቁት ልጅ መነጽር አልነበረውም። "በየትኛው እጁ ነው የሚበላው?"

"እንዴ! ሰው በየትኛው እጁ እንደሚበላ ልቆጥር ነው እንዴ የተቀጠርኩት?" አለችና አሰብ አደረገች። "ቆይ ግን፣ ግራኝ ነው። ሹካና ቢላውን ቦታ ሲያለዋውጥ አይቼዋለሁ።"

ጋሽ እሳቱ የድንች ሣጥኑ ላይ ቁጭ አሉ። እሳት እየነደደ ተቀምጠው ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። ሚዛን ወሬ የማያመልጣት ሰው ናትና ታሪካቸውን ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ልጅዎ ነው እንዴ ጋሼ?"

"ካሮት የሚጠላ ግራኝ በያገሩ ሞልቷል።"

"ታዲያ ሄደው ቢያዩትስ? እኔ እሳቱን እጠብቅልዎታለሁ። እንኳን እሳት፣ ከፈለጉ ባቡሩን እጠብቅልዎታለሁ።"

ጋሽ እሳቱ ወደ ምድጃው ዞሩ። "ባቡሩ እየሄደ ነው" አሉ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በዚያ ሰዓት እሳቱ ላይ የነበረው አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ብቻ ነው። የፈሩት ሌላ ነው። ልጁ ቢሰድባቸው ግድ የላቸውም፤ ስድብማ የቤተሰብ ነው። የፈሩት ጠረጴዛው አጠገብ ሲቆሙ ቀና ብሎ እንደማያውቀው ሰው "ጨው ያምጡልኝ" እንዳይላቸው ነው። "አፍሽን ያዢ፤ ለእሱም ለማንም ምንም እንዳትዪ" አሏት። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ታዛ አታውቅም።

እራት አልቆ ምድጃው ሲጠፋ ግን የሚያመካኙበት እሳት አልነበረም። ሽርጣቸውን ፈትተው የራሳቸውን ትራስ ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ መኝታው ፉርጎ ሄዱ። የመኝታው ኃላፊ የዕድሜ እኩያቸው ነው፤ አንሶላ ይሉታል። ለእያንዳንዱ መንገደኛ ሁለት አንሶላ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ትራስና የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳሙና እያደለ መተላለፊያው መሀል ላይ አገኙት።

"አሥራ ሁለት ቁጥር አልጋ ላይ ላለው ሰው ስንት ትራስ ሰጠኸው?" ቁጥሩን ያዩት ከእራት ቲኬቱ ላይ ነው።

"እንደማንም ሰው ነዋ። ለአንድ ራስ አንድ ትራስ።"

"አንድ ጨምርለት።"

"ምነው፣ ሰውየው ሁለት ራስ አለው?"

"ይኸው የራሴን። ማን ሰጠህ ቢልህ እኔ ነኝ እንዳትል።"

አንሶላ ትራሱንም ሰውየውንም አየ። ሃያ ዓመት አብሯቸው ሲሠራ ከወጥ ቤት ወጥተው መኝታው ፉርጎ ድረስ ሲመጡ አይቶ አያውቅም። መቀለዱን ተወና ሄዶ የአሥራ ሁለት ቁጥርን በር አንኳኳ። ጋሽ እሳቱ መተላለፊያው ጫፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። በሩ ተከፈተ። ሰውየው አይታይም፤ የበሩ ብርሃን ብቻ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከውስጥ አንድ ድምፅ "አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ጎርነን ብሏል፤ የሰው አገር አቧራ ቅሟል። የቃሉ መጨረሻ ላይ ከፍ የሚለው ነገር ግን የእናቱ ነው። ልጃቸው ነው። ከአሥር እርምጃ ያልራቀ መንገድ ነበር፤ አልተራመዱትም። ተመልሰው ሽርጣቸውን አጣጥፈው ተንተርሰው ተኙ። ተኙ ከተባለ።

ሲነጋጋ አንሶላ ትራሱን ሊመልስ መጣ። "ሁለቱንም ደርቦ ነው ያደረው። ሳነቃው እንኳ አልነቃ ብሎኝ ነበር። ማን ነው የላከልኝ አለኝ፤ ድርጅቱ ነው አልኩት። 'ድርጅቱ ደግ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?' ብሎ ሳቀብኝ።"

"ሳቀ?"

"ሳቀ።"

"እንዴት ብሎ?"

"ሰውዬ፣ ሳቅ እንዴት ይባላል? አፉን ከፍቶ ነዋ!"

የጠዋቱ ዝርዝር የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ማርማላታና ሻይ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከዝርዝሩ ወጥተው አያውቁም። የዚያን ቀን ወጡ። ከዳቦው ሁለት ወፍራም ቁራጭ ቆረጡ። እንቁላል መቱ፣ ትንሽ ወተት ጨመሩ፣ አንዲት ቁንጥር ስኳር አከሉ። ዳቦውን እዚያ ነክረው በቅቤ ጠበሱት፣ ዳር ዳሩ ጠይም እስኪል ድረስ። ቤት በሚውሉባት አንዲት ቀን ጠዋት ለልጃቸው የሚሠሩለት ይህን ብቻ ነበር። ልጁም አባቱ ከባቡር ሲወርዱ ብቻ የሚበላ ምግብ ስለሆነ ስሙን "የባቡር ዳቦ" ብሎት ነበር። ሁለቱን ቁራጭ ሳህን ላይ ጎን ለጎን አደረጉና በመስኮቷ ሰጧት።

"ለአራተኛው ጠረጴዛ። ምንም እንዳትዪ።"

ሚዛን ወስዳ ተመለሰች።

"በላ?"

"እያየው ነው።"

የሌሎች ሰዎች ሻይ ይዛ ሄደች፣ ተመለሰች።

"አሁንስ?"

"አሁንም እያየው ነው። ጋሼ፣ እኔ ግን ልቤ ሊቆም ነው። ይኼ ለሁሉም ሰው ነው ወይ አለኝ። አይደለም አልኩት። ወጥ ሠሪው ሽማግሌ ናቸው ወይ አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"አፍሽን ያዢ ብለውኝ የለ? ያዝኩ። ፊቴን ግን መያዝ አልቻልኩም።"

የአርባ ሰው ሻይ በሁለት ትልልቅ ማንቆርቆሪያ እየፈላ ነው። ጋሽ እሳቱ ማንቆርቆሪያዎቹን ከቦታቸው አንሥተው እዚያው ቦታቸው ላይ አስቀመጧቸው። አሁን ይመጣል ብለው አሰቡ። በመስኮቷ ጎንበስ ብሎ ያየኛል፤ ወይ ይሰድበኛል፣ ወይ ይስመኛል። በመስኮቷ ግን ሚዛን ብቻ ናት የምትታየው። ፍሬኑ ማፏጨት ጀመረ። ባቡሩ ሦስት ደቂቃ ብቻ ወደሚቆምበት ትንሽ ጣቢያ እየገባ ነው።

ሚዛን የሳህን ቁልል ታቅፋ መጣች። "ወረደ ጋሼ" አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። "ሻንጣውን ያዘ፣ ሂሳቡን አስቀመጠ፣ ወደ በሩ ሄደ።" ሳህኖቹን አንድ በአንድ ማቀበል ጀመረች። ከላይ ያለው ሳህን ላይ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ትንሽ ሳህን ተደፍቶበታል። "ይኼን ደግሞ እዩልኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው ትርፍራፊ የሚከድን?" እያለች፣ ባስተማሯት መሠረት፣ እጇን በመስኮቷ አሳልፋ ወደ ባልዲው አዘነበለችው።

"ተይው!"

ጩኸታቸው ተመጋቢዎቹ ድረስ ተሰማ። ሳህኑን ከእጇ ተቀበሉ። የተደፋውን ማስቀመጫ አነሡ። አንደኛው ቁራጭ ተበልቷል፤ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም። ሁለተኛው እንዳለ ነው፤ አልተቆረሰም፣ አልተነከሰም፣ መሀል ላይ በደንብ ተስተካክሎ ተቀምጧል።

ይህን ሳህን ለማንበብ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አያስፈልግም። ድርሻቸው ነው። ልጁ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያላስቀመጠላቸው ድርሻ።

ጋሽ እሳቱ እጃቸውን ወደ ምድጃው ሰደዱ። አንዱን ማዞሪያ አጠፉ። ሁለተኛውን አጠፉ። ሰማያዊው እሳት እፍ ብሎ ሄደ።

"ጋሼ፣ እሳቱ!" አለች ሚዛን።

"አጠፋሁት" አሉና ሳህኑን ይዘው ወጡ።

በተመጋቢዎቹ መሀል ሽርጣቸውን እንዳደረጉ አለፉ። ማንኪያ በአየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ሰው መኖሩን የማያውቁም ነበሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ፊሽካው ተነፋ፤ ባቡሩም ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። መውረድ አልቻሉም። የበሩን ብረት ይዘው ወደ ውጭ አዩ። መነጽር ያደረገ ሰው ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ መውጫው ይሄዳል። ጀርባው ነው የሚታየው። ሊጠሩት አፋቸውን ከፈቱ፤ አሥራ አንድ ዓመት ያልጠሩት ስም ግን ቶሎ አይወጣም።

ሰውየው ራሱ ዞረ። መጀመሪያ ያየው የወጥ ቤቷን መስኮት ነው፣ ያችን በእንፋሎት የደበዘዘች መስኮት። ከዚያ ዓይኑ በፉርጎው ጎን እየሄደ በሩ ላይ ደረሰ፤ አባቱን አያቸው። እንደ ድሮው በር ላይ የቆመ ሰውና ሳህን የያዘ ሰው ተያዩ፤ አሁን ግን በሩ ላይ የቆሙት ሳህኑንም የያዙት እሳቸው ናቸው።

ጋሽ እሳቱ ዳቦውን በእጃቸው አነሡና በሉ። ቀዝቅዟል። በትልቁ እየነከሱ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንባቸው አገጫቸው ላይ እየወረደ በሉ። ባቡሩ እየፈጠነ ነው። ልጁ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን አላወዛወዘም፣ አልሮጠም፣ ቆሞ ብቻ ያያቸዋል። የጣቢያው ንጣፍ ከማለቁ በፊት የመጨረሻዋን ጉርሻ ዋጧትና፣ ጨርሶ እንደበላ ሕፃን ልጅ፣ ባዶውን ሳህን ወደ እሱ ገልብጠው አሳዩት። እንደያዙት ቆዩ። ሰውየው አነሰ፤ የመብራት እንጨት ሸፈነው፤ የጣቢያው ጣሪያ ሸፈነው፤ ከዚያ ሜዳ ብቻ ሆነ።

ወጥ ቤት ሲመለሱ ሚዛን በአርባ ሰው ፊት "ሻይ ይዘገያል፣ ይቅርታ" ስትል ደረሱ፤ መንገደኛው ያጉረመርማል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የዚያ ፉርጎ ሻይ ሲዘገይ የመጀመሪያው ነው። እሷም ተከትላቸው ገባችና መስኮቷን ዘጋች። ምን ብላ እንደምትጠይቃቸው ጨነቃት። ፊታቸው እንደረጠበ ነው፤ ጢማቸው ላይ ፍርፋሪ አለ። ከባቡሩ ሠራተኞች መብላታቸውን ያወቀች የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

"እንዴት ነበር ጋሼ?" አለች፣ ሌላ ቃል ብታጣ።

ጋሽ እሳቱ ሳህኑን ራሳቸው አጠቡት። አደረቁት። መደርደሪያው ላይ ለብቻው አስቀመጡትና የስኒ ማስቀመጫውን በላዩ ደፉበት።

"ጨው ያንሰዋል" አሉ። "ልጄ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ ሲበላልኝ ኖሯል።"

ከዚያም ክብሪት እንድታቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉላት።